ቦታው የሚመረጠው ሥራ ለሌለው ሰው ነው

ካናዳ ገጠር እንደምኖር የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ሦስት ነገር ነው። ቤት ርካሽ ነው ወይ? ብርዱ እንዴት ነው? ፈረንጆቹ ጥቁር ሰው ይወዳሉ ወይ? መልሴ አጭር ነው። ቤቱ ከካልጋሪ አንጻር ርካሽ ነው፤ የሚከራይ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ብርዱ ይገድላል፤ ግን ይለመዳል። ፈረንጆቹም ሰው ናቸው። የሚወደን አለ፣ የማይወደን አለ፣ አብዛኛው ግን የራሱ ጉዳይ የያዘው ነው።

ማንም የማይጠይቀኝ ጥያቄ አለ። «ባልሽ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል?»

ለእኔ ቦታ የሚመረጠው በዚህ ጥያቄ ነው። ወደ ገጠር ስንገባ ብዙውን ጊዜ ከሁለታችን አንዳችን ሥራ አግኝተን ነው። ያ ሰው ምንም አይሆንም። ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት አለው። ስሙን የሚጠራው ሰው አለ። ቋንቋውም በግዱ ይፈታል። የሚያሳስበው ተከትሎ የመጣው ነው። እሱ ካልተደላደለ ቤቱም፣ ደመወዙም፣ ንጹሕ አየሩም ፋይዳ የለውም። ዓመት ሁለት ዓመት ይታገሉና ዕቃ ተጭኖ ወደ ካልጋሪ ወይ ወደ ቶሮንቶ ይኬዳል። በዓይኔ ያየሁት ነው።

የምንኖርባትን ከተማ ስም አልጽፍም። ደቡብ አልበርታ ነው፣ ይበቃል። ያለነው ሐበሾች ሁለት ቤተሰብ ብቻ ነን። ስሟን ብጠራ ስለማን እንደማወራ አገር ምድሩ ያውቃል። እኔ የኮተቤ ልጅ ነኝ። እዚህ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቴ አዲስ አበባ ባንክ ቤት ነበር፣ ብድር ክፍል። ሥራውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ተከትሎ የመጣው እሱ ነው። እናቴ የምንሄድበትን ቦታ ስነግራት «አሁን ይሄን ሁሉ ውቅያኖስ የምትሻገሪው ገጠር ልትገቢ ነው?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። እኛ አገር ሰው ከገጠር ይወጣል እንጂ አይገባም።

መጀመሪያ ስለ አገባቡ ትንሽ ልበል። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። የካናዳ መንግሥት በ2019 ለገጠርና ለሰሜን ከተሞች ብቻ የሚሆን የስደተኛ መቀበያ የሙከራ ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። 11 ማኅበረሰቦች ገብተውበት በ2024 ተዘጋ። በ2025 መጀመሪያ ላይ በተመሳሳይ መልክ ሌላ ተተካ፤ ሲጀምር 14 ማኅበረሰቦችን ይዞ ነበር። ከማኒቶባ ብራንደን፣ ስታይንባክና አልቶና፣ ከሳስካችዋን ሙስ ጆ፣ ከኦንታሪዮ እነ ሰድበሪ፣ ቲሚንስና ተንደር ቤይ አሉበት። ከአልበርታ ክሌርስሆልም ብቻ ናት፤ ከካልጋሪ በስተደቡብ 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ሕዝቧ 4,000 የማይሞላ ከተማ። ከዚህ ውጭ አውራጃዎቹ፣ እነ አልበርታና ማኒቶባ፣ የራሳቸው ፕሮግራም አላቸው።

አሠራሩ ካርታ ዘርግቶ «እዚህ ጋ ልኑር» የሚባልበት አይደለም። ማኅበረሰቡ የሚያምናቸውን አሠሪዎች ይመርጣል። ከእነሱ አንዱ ሥራ ሲሰጣችሁ ማኅበረሰቡ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ነው ጉዳዩ ወደ ፌዴራል የሚሄደው። ስለዚህ መንደር የሚመርጥላችሁ አሠሪው ነው ማለት ይቻላል። ቢሆንም ሁለት ቦታ ያመለከተ ሰው ሁለት መልስ ሊመጣለት ይችላል። አንዱን እምቢ ማለትም ይቻላል። ምርጫው ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሰው «ከዚያ ታስረን መቅረታችን ነው?» ብሎ ይፈራል። ፒአር፣ ማለትም የቋሚ ነዋሪነት ወረቀት፣ እስኪመጣ ድረስ፣ በተለይ ወርክ ፐርሚቱ ከአሠሪ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ እጅ ይታሰራል፤ አልዋሽም። ወረቀቱ ከወጣ በኋላ ግን የ1982ቱ የመብቶች ቻርተር አንቀጽ 6 ዜጋም ሆነ ቋሚ ነዋሪ በፈለገው አውራጃ መኖርና መሥራት እንደሚችል ይደነግጋል። ከተሞቹም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ወረቀት የያዘ ሰው የሚቀመጠው ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው መቀመጥ ሲፈልግ ነው።

(በ1 ዩሮ ቤት ስለሚሸጡት የጣሊያን መንደሮች የምትልኩልኝን ቲክቶክ አይቻለሁ። ቤቱ 1 ዩሮ ነው፤ ማደሻው ግን የገንዘብ ጉድጓድ ነው። ገዢው በተወሰነ ዓመት ውስጥ አድሶ ለመጨረስ ይፈርማል፣ ማስያዣም ያስይዛል። ደግሞ መንደሩ ቤቱን በነጻ ለመስጠት የደረሰው ለምን ይመስላችኋል? የራሱ ልጆች ሥራ አጥተው ስለሄዱ ነው።)

ሐበሻ ስለ አልበርታ ገጠር ሲያወራ ብሩክስን ሳይጠራ አያልፍም። ከካልጋሪ በስተምሥራቅ ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ትልቅ የከብት ማረጃና የሥጋ ፋብሪካ አለ። ሱዳኑም፣ ሶማሌውም፣ ሐበሻውም፣ ፊሊፒኖውም እሱን ብሎ ገብቷል። 15,000 ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ «የመቶ ሰላምታ ከተማ» የምትባለው ለዚህ ነው።

በእኔ መለኪያ ብሩክስ ጥሩም መጥፎም ነው። ጥሩነቱ፣ ተከትሎ የመጣውም ሰው እዚያው ፋብሪካ ሊገባ ይችላል። እንግሊዝኛው ቢሰበርም ችግር የለም። ሥራው ግን ከባድ ነው። ብርድ ውስጥ ቢላዋ ይዞ ቆሞ መዋል ነው፤ ሌሊት እጅ እየደነዘዘ እንቅልፍ ይነሳል። መጥፎነቱ ደግሞ ሁለቱም ደመወዝ ከአንድ በር መውጣቱ ነው። በ2012 ሥጋው ላይ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ተገኝቶ የፋብሪካው ፈቃድ ታገደ። በካናዳ ታሪክ ትልቁ የከብት ሥጋ ከገበያ የተሰበሰበው ያኔ ነው። ፋብሪካው ለሳምንታት ሲዘጋ 2,000 ያህል ሠራተኛ ቤቱ ተቀመጠ። ባልና ሚስት አብረው ቤት ሲቀመጡ አስቡት፤ የቤት ኪራዩ ደግሞ አይቀመጥም። ስለዚህ አንድ ትልቅ አሠሪ ብቻ ያለበትን ቦታ እጠረጥራለሁ። ሦስት አራት መካከለኛ አሠሪ ያለበት ይሻለኛል።

የዚህ አገር ገጠር ብቸኝነት የዛሬ አይደለም። በሕግ የተሠራ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ1872 የወጣው የመሬት ሕግ ለሰፋሪ 160 ኤከር በ10 ዶላር መመዝገቢያ ይሰጥ ነበር። በእኛ ልኬት ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል። ሰፋሪው ግን ቤት ሠርቶ፣ መሬቱን አርሶ፣ እዚያው መሬቱ ላይ ለሦስት ዓመት መኖሩን ማሳየት ነበረበት። መሬቱ አንድ ማይል በአንድ ማይል እየሆነ በአራት ማዕዘን ተሸንሽኗል። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ መሬት መሐል ተቀመጠ። ጎረቤት ማለት ከአድማስ ጋር የተለጠፈ ነገር ሆነ። ክረምት ሲመጣ ባል የባቡር ሐዲድ ወይም የጣውላ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ሚስት ከልጆቿ ጋር እዚያው ትቀራለች።

አንዲት የምንከባከባቸው አዛውንት፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ወላጆቻቸው ከዩክሬን መጥተው በሣር በተሸመነ አፈር የተሠራ ቤት ውስጥ ኖረዋል። እናታቸው በክረምት ጠዋት ጠዋት በር ከፍተው የጎረቤት ጭስ ወጥቶ እንደሆነ ያዩ ነበር። ጭስ ካለ በቃቸው። አዛውንቷ ይህን የነገሩኝ ፀጉራቸውን ስሠራላቸው ነው። ባለቤቴ ያኔ ሥራ አልነበረውም። ቤት ስገባ ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ ያን ማታ ግን እራት ቶሎ አላነሳንም።

ከሰፋሪዎቹ መሐል ብልጦቹ ሜኖናይቶች የሚባሉት ክርስቲያኖች ነበሩ። በ1870ዎቹ ከሩሲያ ግዛት ወደ ማኒቶባ ሲመጡ በየመሬታችን ተበታትነን አንኖርም አሉ። ቤታችንን ጎን ለጎን እንሥራ፣ እርሻው ውጭ ይሁን ብለው ጠየቁ። ተፈቀደላቸው፤ ሕጉ ውስጥም ለዚሁ የሚሆን አንቀጽ ገባ። ከላይ የጠራኋት አልቶና ያለችው እነሱ በሰፈሩበት አገር ነው። መሬት በነጻ ሲታደል ጎረቤት የጠየቀ ሰው አስተዋይ ነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት ልምጣ።

በመጀመሪያው ክረምት መኪናችን አንድ ነበር። ሺፍቴ ከንጋቱ አንድ ሰዓት ስለሚጀምር መኪናውን ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ። ልጃችን ትምህርት ቤት በእግሯ ትሄዳለች። እሱ ቤት ይቀራል። አውቶቡስ የለም። እንዲሁ ለማለት ያህል አይደለም፤ በእውነት የለም። ግሬይሃውንድ የሚባለው የአውቶቡስ ድርጅት በጥቅምት 2018 መጨረሻ ከምዕራብ ካናዳ መስመሮቹ ጠቅልሎ ወጣ። ጎረቤታችን ሳስካችዋን የመንግሥቱን የአውቶቡስ ድርጅት ከዚያ በፊት በ2017 ዘግታለች። ሚኒባስ ሲጋፋ ላደገ ሰው፣ እጁን ቢያወዛውዝ የሚቆምለት ነገር የሌለበት አገር ምን እንደሆነ መግለጽ ይከብዳል። በዚያ ላይ ታኅሣሥ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን ፀሐይ ትጠልቃለች።

እዚህ መኪና በክረምት ሌሊት ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክቶ ያድራል። ከፊት ለፊቱ ሶኬት ያለው አጭር ገመድ ተንጠልጥሎ ታያላችሁ፤ ሞተሩን የሚያሞቀው እሱ ነው። ሳይሰካ ካደረ ጠዋት አይነሳም። ባለቤቴ ያንን ገመድ መሰካት ሥራው አደረገው። ከመተኛቱ በፊት ጫማውን አስሮ ይወጣል፣ ይሰካል፣ ተመልሶ «ሰክቻለሁ» ይለኛል። ጠዋት በረዶ ይዝቃል። የእኛን ሲጨርስ የጎረቤትን ይቀጥላል። ከዚያ ወደ ፖስታ ቤት ይሄዳል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። እኛ የተከራየነው ከተማው ውስጥ ነው። በዚያው ገንዘብ ከከተማ ወጣ ብሎ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት አይተን ነበር። ያምራል። አድማሱ፣ ዛፉ፣ ለልጅ መሮጫው። የገዛ ጉድጓድ ውኃ፣ የገዛ የፍሳሽ ታንክ፣ በመኪና የሚሞላ ጋዝ፤ ሁሉም የገዛ። የጉድጓድ ውኃ ደግሞ እርሻ ባለበት አገር ናይትሬት ሊኖረው ስለሚችል ማስመርመር ያስፈልጋል፤ በተለይ ሕፃን ካለ። እዚያ ብንገባ ኖሮ እሱ ክረምቱን እንዴት ይገፋው እንደነበር አላውቅም። በእንዲህ ያለች ትንሽ ከተማ ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም። ሰው ሁሉ ፖስታ ቤት ሄዶ ከሳጥኑ ያወጣል። ስለዚህ ሰው ሁሉ እዚያ ይገናኛል። በሩ አጠገብ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። የሚሸጥ ድርቆሽ፣ የጠፋች ድመት፣ የቀብር ሥነ ሥርዓት፣ የዓሣ ጥብስ እራት።

አንድ ቀን እዚያ ሰሌዳ ላይ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ይፈለጋል የሚል ወረቀት አየ። ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ከሥሩ የሳቅ ምልክት አድርጎበታል። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ለተራ መኪና የሚያስፈልገውን ክላስ 5 መንጃ ፈቃድ ከሀ ብሎ ጀመረ። የኢትዮጵያው እንዲሁ አይቀየርም፤ ጽሑፉንም መንገዱንም መፈተን ነው። ለአውቶቡስ ደግሞ ክላስ 2 ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የግዴታ ሥልጠናና የትምህርት ቤት ሾፌሮች ተጨማሪ ፈቃድ አለ። ጊዜ ፈጀ። እስከዚያው ሌሊት ሌሊት ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ይሞላ ነበር። የፈተናው መጽሐፍ ከእንጀራ ማቅረቢያው አጠገብ ይውል ነበር፤ ገጾቹ ላይ የወጥ ጠብታ አለ።

ከፈተናው ይልቅ የከበደው ኩራት ነው። ወንድሞቹ በስልክ «ባንክ ገባህ አይደል?» ሲሉት «ትራንስፖርት ላይ ነኝ» ይላቸው ነበር። ውሸት አልነበረም።

አሁን ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። መብራቱን፣ ጎማውን፣ የድንገተኛ በሩን ዞሮ ይፈትሻል። ጉዞው ሲያልቅ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ሄዶ ያያል፤ የተኛ ልጅ እንዳይቀር። ሕጉ ነው፣ እሱ ግን ከሕጉ በላይ ያደርገዋል። መንገዶቹ ስም የላቸውም፤ ቁጥር ነው ያላቸው። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱት ሬንጅ ሮድ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት ታውንሺፕ ሮድ ይባላሉ። ያ የድሮው የመሬት ሽንሸና ነው እንግዲህ። እሱ ዛሬ በጭጋግ መሐል የትኛው ሬንጅ ሮድ ላይ እንዳለ ያውቃል። ከፊት ለፊት የሚመጣ ገበሬ መሪውን ሳይለቅ አንድ ጣት ያነሳለታል፤ ሰላምታ መሆኑ ነው። መጀመሪያ የሰደቡት መስሎት ነበር። አሁን እሱም ያነሳል። ገበያ አብረን ስንወጣ ከእኔ ይልቅ እሱን ነው ሰው የሚያቆመው። ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ የማውቃቸው ከ80 ዓመት በላይ የሆኑትን ብቻ ነው።

ስለዚህ ቦታ ምረጪልን ለምትሉኝ የማየው ይህንን ነው። ከተማዋ ተከትሎ ለሚመጣው ሰው ስንት ዓይነት ሥራ አላት? ስንት ሥራ አላት አላልኩም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካለ መምህር ብቻ አይደለም የሚቀጠረው፤ ጽዳት፣ ረዳት፣ ሾፌር፣ ጸሐፊ ይፈለጋል። ሆስፒታል ካለ ወጥ ቤትና ልብስ ማጠቢያ አለ። የወረዳው አስተዳደር እዚያ ከተቀመጠ ቢሮ አለ፣ መንገድ ጠራጊ አለ። ሁለት ሱፐርማርኬት ካለ አንዱ ቢያባርር ሌላው ይቀጥራል። እነዚህ የሌሉባት፣ አንድ እርሻ ወይ አንድ ሞቴል ብቻ የቀጠረባት መንደር፣ ፎቶዋ ምንም ቢያምር ለነጠላ ሰው እንጂ ለቤተሰብ አትሆንም።

ትምህርት ቤቱ በቅርቡ ክፍል ቀንሶ እንደሆነ ጠይቁ። የእህል ጎተራው ፈርሶ፣ ሆቴሉ ተዘግቶ፣ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ወደ ሌላ ከተማ የሚልክ ከሆነ ያቺ ከተማ እየሞተች ነው። የሞተ ቦታ ላይ ቤት ርካሽ መሆኑ አይገርምም።

በሐምሌ አትዩ። በሐምሌ ካናዳ ሁሉም ቦታ ገነት ነው። በጥር ወይም በየካቲት ሂዱ። መሄድ ካልቻላችሁ ለአንድ ሳምንት ያህል የመንገዱን ሁኔታ በየቀኑ ተከታተሉ። አልበርታ 511 የሚባል የመንገድ መረጃ አላት፤ ስልክ ላይ ይታያል። ካርታ አንድ ሰዓት ተኩል የሚለው መንገድ በጥር ሦስት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ጭራሽ ሊዘጋም ይችላል። ከትልቅ ከተማ ከሁለት ሰዓት በላይ የራቀ ቦታ በእኔ ግምት ለመጀመሪያ ዓመታት አይመከርም። ጤፍም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ፀጉር ሠሪም እዚያ ነው ያለው።

ኢንተርኔቱንም አትርሱ። ከከተማ ወጣ ሲባል ደካማ ነው፤ ብዙ ሰው አሁን በሳተላይት ነው የሚጠቀመው። ቀን ቤት የሚውለው ሰው አገር ቤት የሚደውለው በእሱ ነው፤ ኮርስ የሚወስደውም።

ስለ ሆስፒታል ደግሞ፣ «አለ» ሲሏችሁ «ክፍት ነው?» በሉ። ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ሐኪም ወይም ነርስ ሲጎድል ድንገተኛ ክፍሉ ለሊት ወይም ለቅዳሜና እሑድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ብዙዎቹም ማዋለድ ካቆሙ ቆይተዋል። እርጉዝ ሴት ሌዝብሪጅ ወይም ሜዲሲን ሃት ድረስ ልትሄድ ትችላለች። አዲስ በሽተኛ የሚቀበል ሐኪም መኖሩንም ጠይቁ። ለከባድ ነገር ቀዩ ሄሊኮፕተር አለ፤ ስታርስ ይባላል፣ ከ1985 ጀምሮ ይሠራል፣ ሕዝቡ በየዓመቱ ካላንደሩን እየገዛ ገንዘብ ያዋጣለታል። የእኛም ወጥ ቤት ውስጥ ተሰቅሏል።

ብዙ ሰው በጣም የሚሰጋበት፣ እኔ ግን ቀለል አድርጌ የማየው የሐበሻ ጉዳይ ነው። «ሐበሻ የሌለበት እንዴት ይኖራል?» ይባላል። ሐበሻ የበዛበትም ኖሬያለሁ። ጥሩ ነው፤ ሐሜቱም እንደዚያው። ሁለት ቤተሰብ ስንሆን የምንተማመነው የግድ ነው፤ ከተጣላን ቡና የሚጠራን የለም።

እንጀራው ይገኛል። ምጣዱ አስቸግሮን ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው ምጣድ በ220 ቮልት የሚሠራ ነው፤ እዚህ የግድግዳው ሶኬት 120 ነው። የልብስ ማድረቂያው ሶኬት ግን 240 ነው። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርተን ምድር ቤት ውስጥ ለምጣዱ የሚሆን ሌላ አስገባን። ሰውየው ምን እንደሆነ ሊገባው አልቻለም። እንጀራው ሲወጣ ቆሞ አየ፣ በላም። ክፍያ አልቀነሰም እንጂ። እርሾው በክረምት እምቢ ሲል ማሞቂያው ጎን ነው የሚያድረው።

ዶሮ ግን፣ ዶሮ የሚባለውን ነገር ያገኘሁት እዚህ ነው። በፕሬሪው፣ ማለትም በዚህ በሜዳማው አገር፣ ሃተራይት የሚባሉ፣ ንብረታቸውን በጋራ አድርገው የሚኖሩ ክርስቲያኖች አሉ። ሴቶቹ ሻሽ አስረው፣ ረጅም ቀሚስ ለብሰው፣ እርስ በርሳቸው የጀርመን ቋንቋ ዓይነት ያወራሉ። ገበያ ላይ አትክልት፣ እንቁላልና ዶሮ ይሸጣሉ። የሱፐርማርኬቱ ዶሮ ቁሌቱ ሳይበስል ይፈርሳል፤ ይህን የሠራ ያውቀዋል። እነሱ ግን እንቁላል መጣል ያቆመች አሮጊት ዶሮ አላቸው። ፈረንጁ አይፈልጋትም፤ ጠንካራ ናት። እኔ ለፋሲካ ስጠይቃቸው ሴትዮዋ አዘነችልኝ መሰለኝ «የተሻለ አለን» አለችኝ። «የለም፣ እሷን ነው የምፈልገው» አልኳት። ለረጅም ሰዓት የሚበስል ነገር መሆኑን አስረዳኋት። ስንት እንቁላል እንደሚገባበት ስትሰማ ፊቷ በራ። አሁን ከበዓል በፊት ራሷ ታስቀምጥልኛለች።

ገና ላይ ነው የምንቸገረው። ጥር 7 በፈረንጅ የብርድ ጫፍ ነው። ካልጋሪ ለማደር አስበን መንገዱ ተዘግቶ የቀረንበት ዓመት አለ። ልጃችን ነጠላዋን ለብሳ በዩቲዩብ ቅዳሴ ተከታተለች። በዚህ ጉዳይ የማጽናና ቃል የለኝም። ይጎድላል። ልጅ አማርኛ እንዳይጠፋት ከፈለጋችሁም ሥራው የእናንተ ብቻ ነው፤ የሚያግዝ ሰንበት ትምህርት ቤት በአቅራቢያ የለም።

ወረቀታችን ከወጣ ቆይቷል። ካልጋሪ ያሉ ዘመዶቻችን «መቼ ነው የምትወጡት?» ማለታቸውን አላቆሙም። የሚገርመው፣ አሁን አልወጣም የሚለው ባለቤቴ ነው። ልጆቹን ለማን ትቼ ይላል፤ የአውቶቡሱን ልጆች ማለቱ ነው። ኤልፒኤን ለመሆን፣ ማለትም ከረዳትነት ወደ ነርስነት ከፍ ለማለት፣ መማር የምፈልገው እኔ ነኝ። ኮሌጁ ሌዝብሪጅ ነው ያለው፣ ሁለት ዓመት ይፈጃል። በየቀኑ መመላለስ በክረምት አይታሰብም። ለሁለት ዓመት እዚያ ክራይ ቤት ይዤ በሳምንት አንዴ ልምጣ? ወይስ ሁላችንም እንሂድና እሱ መንገዱን ይልቀቅ? ሌዝብሪጅም የትምህርት ቤት አውቶቡስ አለ ብየዋለሁ። የከተማ መንገድ እንደ ሬንጅ ሮድ ስላልሆነ እጠፋለሁ ይላል። እየቀለደ ይሁን የምሩን ይሁን ገና አልለየሁም። ማመልከቻው የሚዘጋበት ቀን ደርሷል፤ ፎርሙን ሞልቼ ጨርሻለሁ፣ የአድራሻው ቦታ ብቻ ነው የቀረኝ።